የመምህር ካሳው ሦስተኛ መስመር

«ለጀፈርሰንስ መርዶ ተነግሮታል?» አሉ እማማ ኡሙሰልማ፣ ገለባ ቡናቸውን እፍ እያሉ።

ዳሱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወደ ይሁኔ ዞረ። ይሁኔ ከሟቹ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ የሒሳብ መምህር ነው፤ ካሳው ከሞተ ወዲህ ስለ ጀፈርሰን የሚጠየቅ ሌላ ሰው ቆቦ ውስጥ አልቀረም።

«እማማ፣ እሱ እንኳ ከሞተ መቶ አርባ ሰባት ዓመት ሆኖታል።»

«ውይ። ካሳው ሳይሰማ ነዋ የሄደ።»

«ሰምቷል። መሞቱን እያወቀ ነው የሚያወራው የነበረ።»

«እኔስ የእናቱ ወገን ነው ብዬ ነበር» አሉ እማማ ኡሙሰልማ። «አንድ ቀን ያመሰግነዋል፣ በማግስቱ ይቆጣዋል። ባዳን ማን እንዲህ ይቆጣል?»

ከዳሱ ምሰሶ አጠገብ ጆግ ይዛ የቆመችው የሻረግ ይህን ሰማች፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አልታየም። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ካሳው ቤት ተወልዳ ካሳው ቤት ያደገች ናት። እንደ ቅሬው ደንብ ከሆነ፣ ቅሬው ማለት ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት የሰፈሩ መረዳጃ ነው፣ ሐዘን የደረሰበት ቤት ሰው እስከ ሰልስት ድረስ አይታዘዝም፤ የሚያበስለውም የሚያቀርበውም የቅሬው ሰው ነው። ዘንድሮም ደንቡ አልተጣሰም። የቅሬው ሰው መጣ፣ የሻረግ ጆግ ይዛ ቆማ አገኛት፣ ሥራው ተሠርቷል ብሎ ተቀመጠ።

ከትናንት ጀምሮ ከመቶ በላይ ሰው በፊቷ አልፏል። የመጣው ሁሉ ገብቶ፣ ሰሌን ላይ የተቀመጡትን ሁለት ሴቶች፣ ሚስቱን ዘነበችንና እህቱን ሸዋዬን፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። ከዚያ ዞር ብሎ የሻረግን «ውሃ» ይላል። እሷን «እግዜር ያጥናሽ» ያላት አንድም ሰው የለም። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። አሠሪዋ ለሞተባት ሴት የሚባል ነገር ስለሌለ ነው።

እሷም አላለቀሰችም። ይህን ያዩ ሴቶች ልቧ ደንዳና ነው ተባባሉ። ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ አገር ለቅሶ ዝም ብሎ አይለቀስም፤ ሟቹ ይጠራል። ሚስት «ጌታዬ» ብላ ትጀምራለች፣ እህት «ወንድሜ» ትላለች፣ ልጅ «አባቴ» ይላል። ቃሉ አንዴ ከወጣ እንባው መንገዱን ራሱ ያውቀዋል። የሻረግ የምትጀምርበት ቃል አጣች። ሌላ የጎደላት ነገር የለም።

ካሳው የሞተው ማክሰኞ ነው። ቢያውቅ ይኸም ያናድደው ነበር። ጀፈርሰን የሞተው የአገሩ ነጻነት በታወጀ በሃምሳኛ ዓመቱ፣ በዚያችው ዕለት ነው፤ ካሳው ይህን ለተማሪዎቹ ሲነግር ጠረጴዛውን እጁን እስኪያመው ይመታ ነበር። የእሱ ማክሰኞ ግን ምንም ያልታወጀባት ማክሰኞ ናት። ቢታወጅም ሰሚ አይገኝም። ዓመቱ ስልሳ ስድስት፣ ወሩ ኅዳር ነው። ማሽላው ሁለት ዓመት በላይ በላዩ ፍሬ ሳይቋጥር ደርቋል። ከዋጃም ከሮቢትም በኩል ሰው መኪና መንገድ ዳር ወጥቶ አውቶቡስ ያስቆማል፤ ተሳፋሪው በመስኮት ዳቦ ይወረውራል፤ አውቶቡሱ ይሄዳል። ረሃብ የሚለውን ቃል በደብዳቤ ላይ የሚያሰፍር ሹም ግን አልተገኘም። የሚጻፈው «የዝናብ መዘግየት» ተብሎ ነው። ሁለት ዓመት የዘገየ ዝናብ። ቅሬውም ለሐዘንተኛ የሚያወጣውን እዝን በቤት ከአንድ ቁና ወደ አንድ ጭብጥ አውርዶታል፤ ዳሱ ውስጥ የሚዞረው የማሽላ ንፍሮ የዚያ የጭብጥ ጭብጡ ድምር ነው።

«ይችን ልጅ ዓርብ ይዣት ልሂድ» አለች ሸዋዬ ወደ ዘነበች ጠጋ ብላ። ጎብዬ ላይ ጠላ ቤት አላት። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። «እኔም እጅ ያንሰኛል። አንቺም በዚህ ዓመት አንድ አፍ ቢቀንስልሽ ነው።»

ዘነበች ዝም አለች። ዝም ማለት ታውቅበታለች። ከካሳው ጋር ስትኖር ልጅ አልወለደችም፤ ስለዚህም ነገር ዝም ብላ ነው የኖረችው።

«ካሳው እንደ ልጁ ነው ያሳደጋት» ቀጠለች ሸዋዬ። «እኔም እንደ ልጄ ነው የምይዛት።»

«እንደ» በዚህ ቤት ብዙ ያገለገለች ቃል ናት።

ይሁኔ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጀፈርሰን የሞተ ጊዜ» አለ፣ ማንንም ሳያይ፣ «መቶ ሠላሳ የቤቱ ሰው ነው በጨረታ የተሸጠ። እዚያው ቤቱ ላይ።»

«ታዲያ እዚህ ማን ጨረታ አወጣ?»

«ታሪኩን ነው የተናገርኩ።»

«ታሪክህን ለክፍልህ» አለች ሸዋዬ፤ ከዚያ ወደ ምሰሶው ዞራ፣ «ውሃ» አለች።

የሻረግ ውሃ ቀዳች።

ጀፈርሰን ቆቦ የገባው በአንድ አሜሪካዊ በኩል ነው። ሰውየው በሰላም ጓድ መጥቶ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተማረ፤ አማርኛን ከመጽሐፍ ስለተማረ አህያውን ሳይቀር «እባክዎ ይሂዱ» ይለው ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ለካሳው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ትቶለት ሄደ፤ የሦስተኛውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ የጀፈርሰንን ታሪክ። ካሳው በመዝገበ ቃላት እየተመራ አራት ዓመት አነበበው። በመጀመሪያው ዓመት ጀፈርሰን ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጠረ ብሎ የጻፈበት ቦታ ላይ ደረሰ፤ ትምህርት ቤቱም ዕረፍት አጣ። ካሳው ተማሪዎቹን «አንቱ» ማለት ጀመረ። ተማሪዎቹ እየቀለደባቸው መስሏቸው አኮረፉ። ከተማው ራሱን ካሳውን «ጀፈርሰን» ያለው በዚያ ዓመት ነው።

በሦስተኛው ዓመት የመጽሐፉ መካከል ላይ ደረሰ። ሰው ሁሉ እኩል ነው ያለው ያው ሰው፣ በዕድሜው ሙሉ ሲቆጠር ከስድስት መቶ በላይ ባሪያ ነበረው። ካሳው ያን ሳምንት ወገቤን አመመኝ ብሎ ከትምህርት ቤት ቀረ። ሲመለስ ግን አልደበቀም፤ ለስምንተኛ ክፍል ሁሉንም ተናገረ። እቤቱ አንዲት ባሪያ ነበረች አለ። ከእሷ ልጆች ወልዷል የሚሉ አሉ፤ ዘመዶቹ ይክዳሉ፤ መጽሐፉም ነገሩን ከግርጌ በትንንሽ ፊደል አንስቶ ነው ሳይል አይደለም ሳይል ያልፈዋል።

የሻረግ ያን ጊዜ እዚያ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቤት ያስገባት ካሳው ነው። ቤት ከሁሉ በኋላ ትበላለች፣ ክፍል ከሁሉ ፊት ትቀመጣለች። ቀን እኩል፣ ማታ ሠራተኛ ሆና ስምንተኛ ደረሰች።

እጇን አወጣች። «መምህር፣ ከዚያች ሴት የተወለዱት ልጆች ምን ብለው ይጠሩት ነበር?»

ከተማው የሚያውቀውን ክፍሉም ያውቃል። የሻረግን ከኋላዋ ያያት ሰው መምህር ካሳው ቀሚስ ለብሶ የሚሄድ ነው የሚመስለው፤ ግራ ትከሻዋን እንደሱ ዘንበል ታደርጋለች፣ እንደሱ መንገዱን የምትለካ ይመስል ትራመዳለች። እናቷ ደመቀች፣ ዘነበች ካሳውን ከማግባቷ በፊት ጀምሮ በቤቱ ሠራተኛ ነበረች። የደመቀች እናት ደግሞ እንዴት ወደ ራያ እንደመጣች ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ በእግሯ ነው የመጣች፣ በፈቃዷ ግን አይደለም። ደመቀች የሞተችው የሻረግ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ነው። ስለ አባቷ የነገረቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መምህር በይው። ሌላ በይኝ እስኪልሽ ሌላ አትበይው።»

ካሳው ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ አጠፋ። አጥፍቶ ሲጨርስ ዞረ።

«መጽሐፉ አይልም» አለ።

ሰልስቱ ሐሙስ ሆነ። ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ሄዱ፤ ዳሱ ውስጥ የቀረው ሰው ካሳው ማን እንደነበረ ይከራከር ጀመር።

«ለኔ ካሳው ስም ጻፊ ነው» አለ የቅሬው ዳኛ አያሌው። ሁለት ጥማድ መሬት ያለው፣ ንግግሩ የተመጠነ ገበሬ ነው። «ለተራበው ሰው መጠለያ ሲከፈት ሁሉም አፍንጫውን ይዞ አለፈ። እሱ ደብተር ይዞ ገባ። የመጣውን ሁሉ ስሙን፣ ያባቱን ስም፣ አገሩን፣ የልጆቹን ስም ይጽፋል። ምን ያደርግልሃል ብለው፣ ያልተጻፈ ሰው አልነበረም ይሉናል አለኝ። ተስቦው የያዘው ከዚያ ነው።»

«ጥሩ ሰው ነበር፤ ማን ካደ» አለ ከወዲያ የተቀመጠ ሌላ ገበሬ፣ ውዱ የሚባል። «ሰው ሁሉ እኩል ነው ይለን ነበር። ቤቱ ስንመጣ ግን የምታስታጥበን አንዲቱ ነበረች። እሷ ስትታጠብ አላየሁም።»

«አንተስ ታጥበህ አይደል የበላኸው?»

«ታጥቤያለሁ። ለዚያ ነው የማውቀው።»

አያሌው ንፍሮ ዘገነ።

«ጭቅጭቁ ይቅር» አለ ይሁኔ። «የሚነገርለትን ራሱ ጽፎታል። ሲታመም ነግሮኝ ነበር፤ ለሰልስቴ መጽሐፉ መጀመሪያ ባዶ ገጽ ላይ ያለውን አንብብ ብሎኛል። ጀፈርሰንም እንዲያ ነው ያደረገ። መቃብሬ ላይ ይጻፍ ብሎ ሦስት ነገር ትቶ ነው የሞተ፤ የነጻነቱን ጽሑፍ መጻፉን፣ የሃይማኖት ነጻነት ሕግ መጻፉን፣ ዩኒቨርሲቲ ማቆሙን።»

«ንጉሥነቱንስ?» አሉ እማማ ኡሙሰልማ።

«ፕሬዚዳንት ነበር እማማ። አላነሳውም።»

«ጨዋ ነው።»

«ባሮቹንም አላነሳ» አለ ይሁኔ።

መጽሐፉን የሻረግ ከቤት አምጥታ ሰጠችው። ይሁኔ ሽፋኑን ገለጠ። የካሳው የሰሌዳ ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የቆመ።

«አንድ» አነበበ ይሁኔ፣ «በቆቦ ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት መምህር ነበረ። ሁለት፣ በክፉው ዘመን የሰዎችን ስም ጻፈ። ሦስት።»

ቆመ።

«ሦስትስ?» አለ አያሌው።

ይሁኔ ገጹን ወደ ብርሃኑ አዘነበለ። ገልብጦ ጀርባውን አየ። «ቁጥሩ ብቻ ነው። ፊቱ ባዶ ነው።»

«ሦስተኛ ባይኖረው ነዋ» አለች ሸዋዬ።

«የሌለውን ነገር ማን ቁጥር ይሰጠዋል?» አለ ውዱ።

የሻረግ ወደ ምሰሶዋ ተመለሰች። ያ ባዶ ቦታ ለምን ባዶ እንደሆነ በዚያ ዳስ ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ካሳው ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ዘነበች ለጸበል ወጥታለች። ካሳው ትኩሳቱ ጋብ ብሎለት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ መጽሐፉ ጉልበቱ ላይ፣ እርሳሱ እጁ ላይ። የሻረግ አጥሚት ይዛ ገባች። አላየውም። እሷን ነው ያየ።

«የሻረግ፣ አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ጠይቀሽኝ ነበር። ልጆቹ ምን ብለው ይጠሩት ነበር ብለሽ።»

«መጽሐፉ አይልም አሉኝ።»

«አዎ። መጽሐፉ አይልም።» እርሳሱን በጣቶቹ መካከል አዞረው። «አንቺስ? አንቺ እኔን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪኝ?»

ገባት። ገና አፉን ሲከፍት ነው የገባት። እርሳሱን አየች፣ ገጹን አየች፣ ሦስት ቁጥር ተጽፎ ሲጠብቅ አየች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ይህንኑ ነበር፤ ሆኖም እንዲህ ይመጣል ብላ አልጠበቀችም። በይኝ አላላትም። ምን ትይኛለሽ ነው ያላት። በእናቷ ፊት ያላመነውን፣ ለሚስቱ ያልነገረውን፣ ለከተማው ያልተናገረውን፣ መጀመሪያ እሷ እንድትለው፣ እሱ ከኋላዋ እንዲጽፈው። ፈሪ ተማሪ የጓደኛውን መልስ አይቶ እንደሚጽፍ። ክፉ ልትሆንበት አላሰበችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንዲት ደቂቃ፣ እሱም ይጠብቅ ነው ያለችው።

«መምህር» አለችው።

ካሳው በገጹ ላይ የመጀመሪያውን መስመር በእርሳሱ ጫፍ ነካ።

«እሱንማ ጽፌዋለሁ» አለ።

እርሳሱን መጽሐፉ መካከል አድርጎ ዘጋው፤ አጥሚቱንም ተቀብሎ ጠጣ። ነገ እለዋለሁ ብላ ወጣች። ሰኞ ትኩሳቱ ተመልሶ ሰው መለየት አቃተው። አጠገቡ ቁጭ ብላ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ስታብስ ዋለች፤ ቃሉም አፏ ላይ ነበር፤ ግን ሰሚ የሌለው ቃል ሆነባት፤ ዘነበችም ከእግርጌው ተቀምጣ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሞተ።

«የመምህሩ ቤት ይህ ነው?»

ድምፁ የመጣው ከዳሱ በር ነው። ዕድሜዋ የማይታወቅ፣ ረሃብ ፊቷን አጥንት ብቻ ያደረገው ሴት ቆማለች። ከመጠለያው የሚመጡ ሰዎች በየቀኑ ከአጥር ውጭ ይቆማሉ፤ ማምሻውን የተረፈ ንፍሮ ካለ የሻረግ ታወጣላቸዋለች። ይች ግን አጥሩን አልፋ ገባች። የለበሰችው ቡትቶ ነው፤ ግን ራሷን በደንብ ሸፍናለች፤ እግሯንም ታጥባ ነው የመጣች።

«ንፍሮው ማምሻውን ነው» አለች ሸዋዬ።

«ለንፍሮ አልመጣሁም። ለለቅሶ ነው። ሲቲ እባላለሁ፣ ከዋጃ በታች ነኝ።» ዓይኗን ሰሌኑ ላይ አዞረች። «ልጃቸው የታለች? የሻረግ የምትባል አለቻቸው።»

ዳሱ ውስጥ የሚታኘክ ንፍሮ ቆመ።

«ልጅ አለው ያለሽ ማን ነው?» አለች ሸዋዬ።

«ራሳቸው። መጠለያው ስንገባ ስሜን ጠየቁኝ፣ ያባቴን ስም ጠየቁኝ፣ ነገርኋቸው። የልጆቼን ስም ጠየቁኝ። አራት ነበሩ። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ጻፉ፣ ሁለቱን ሌላ ገጽ ላይ።» ስለ ሌላው ገጽ የጠየቃት የለም። «ያኔ እኔም ከፋኝና፣ አንቱስ አልኋቸው። የኔን ሁሉ ሲጽፉ ያንቱን ማን ይጽፈዋል፤ ልጅ የለዎትም? መምህሩ ሳቁ። አንዲት አለችኝ፣ የሻረግ ትባላለች አሉኝ። የታለች ብላቸው እቤት ናት አሉኝ። ጽፈዋታል? ብዬ ደግሞ ጠየቅሁ። ገና ነኝ አሉ። ይጻፏታ፣ ምን ይጠብቃሉ አልኋቸው። እጽፋታለሁ አሉኝ።»

ይሁኔ መጽሐፉን እንደገለጠ ቀረ።

«እኔ ነኝ» አለች የሻረግ።

ቃሉን ስትናገር ጆጉን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ሲቲ ወደሷ ዞረች። ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት፣ ትከሻዋ ላይ ስትደርስ ራሷን ነቀነቀች፤ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም።

«አላህ ያጥናሽ ልጄ» አለቻት። «ሶብሩን ይስጥሽ። ባዶ እጄን ነው የመጣሁብሽ፤ አትቀየሚኝ።»

ሦስት ቀን ማንም ያላላትን ቃል፣ አንድ ጭብጥ እህል የሌላት ሴት አመጣችላት። የሻረግ «አሜን» አለች።

ሸዋዬ ተነፈሰች። «መቸም ሰውየው ርኅሩኅ ነበር፤ የተራበ ሰው ፊት እንደ ልጅ ...»

«ሸዋዬ» አለች ዘነበች።

ዘነበች ሦስት ቀን ሙሉ ከለቅሶ በቀር ድምጿን ያሰማችው ይህን ጊዜ ነው።

«አያሌው» አለች ዘነበች ሳትጮህ፣ «የቅሬያችሁ ደንብ ምን ይላል? ሐዘንተኛ ውሃ ይቀዳል?»

አያሌው የዘገነውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰ። «አይቀዳም።»

«ተቀበላታ።»

የቅሬው ዳኛ ተነሣ። ትልቅ ሰው ነው፤ ጆግ ይዞ አያውቅም። ከየሻረግ እጅ ሲቀበል ከዳሩ ፈሰሰበት። የመጀመሪያውን ውሃ ለሲቲ ቀዳላት፤ ተቀምጣ ጠጣች።

«ጎብዬ አትሄድም» አለች ዘነበች፣ አሁን ወደ ሸዋዬ። «እኔ አልጠየቅሁት፣ እሱ አልነገረኝ። ሁለታችንም ጨዋዎች ነበርን። ደመቀችን አፈር ስናለብስ እንኳ ጨዋዎች ነበርን። ቤቴ ውስጥ አንዲት ልጅ በቁሟ ስታድግ በጨዋነት አየኋት።» ነጠላዋን ከሰሌኑ ላይ ሰበሰበች፣ ጉልበቷን አጠፈች፣ ወደ ሸዋዬ ተጠጋች። በስተግራዋ የአንድ ሰው ቦታ ተከፈተ።

የሻረግ መጥታ ተቀመጠች። እንዴት እንደሚቀመጡ የጠፋት ትመስል ነበር፤ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ጫፉ ላይ ነው ያረፈች።

ይሁኔ ከኪሱ ብዕር አወጣ። ጎንበስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ እንዲሰማ፣ «ልጻፈው?» አላት።

መጽሐፉን አየች። ሦስት ቁጥር፣ ከፊቱ ነጭ። ራሷን ነቀነቀች።

«ይቅር» አለች። «ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

ይሁኔ አልገባውም። ዘነበችም አልገባትም። ግን ሁለቱም አልጠየቋትም፤ ይሁኔ መጽሐፉን ዘግቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

«አባዬ» አለች ያን ጊዜ የሻረግ። አልጮኸችም። ፈተናው ተሰብስቦ ደጅ ከወጣ በኋላ መልሱ ትዝ እንዳለው ተማሪ፣ ለራሷ ነው ያለችው። ደግማ አለችው። ሦስተኛውን ለመጨረስ እንባው አላስቻላት።

ዘነበች የልጅቷን ቀኝ እጅ ወደ ራሷ ሳበች። ጣቶቹ የጆጉን እጀታ እንደያዙ ታጥፈው ቀርተዋል። ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከአውራ ጣት ጀምራ፣ አንድ በአንድ ትዘረጋቸው ጀመር።